ሞዴል ባቡር በጎንደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ተቀምጬ ሞዴል ባቡር (የእውነተኛውን ባቡር ትንሽ ቅጂ) ስሠራ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። እቤት መጥተው የሚያዩት ይጠይቁኛል፤ የሰፈር ልጆች ይጠይቁኛል፤ ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ያላቸው ይጠይቁኛል። መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንዳንዱ ረዘም ይላል፣ ጉዳዩ ስለሚፈልግ ነው።

ጎንደር ባቡር የለም። ታዲያ የምን ባቡር ነው የምትሠራው?

ስለሌለን ነው የምሠራው። ጎንደር ሃዲድ ተዘርግቶባት አያውቅም። ቢዘረጋ ኖሮ በየት በኩል ይገባ ነበር ብሎ ማሰብን ግን የሚከለክል የለም። የኔ መስመር ከአዘዞ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ ፒያሳ ይወጣል። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር 1950ዎቹ ነው። ቤቶቹ ጣሊያን ፒያሳ ላይ ሠርቶ የሄደው ዓይነት ናቸው። ከኋላ የግንቡ ማማ ብቅ ይላል።

ሌላው መንገድ የነበረውን መቅዳት ነው። ለዚህ አሮጌው የጅቡቲ መስመር ተወዳዳሪ የለውም። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሃዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ስላስቸገረ መስመሩ በቆላው በኩል አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። ይህን ያነሳሁት ለወግ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥም ሥራው የሚጀምረው ከዚሁ ነው። መጀመሪያ ባቡሩ ሊወጣው የሚችለውን ዳገት አስቡ፤ ከተማውን ከዚያ በኋላ አስቀምጡ።

የማልመክረው አንድ ነገር አለ። ብዙ ጀማሪ ካርቶኑ ላይ ያለውን ፎቶ ይቀዳል፦ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ሾጣጣ ጣሪያ ያለው መንደር። የማታውቁትን አገር ስትሠሩ ስህተቱ ለእናንተ አይታያችሁም፤ ትክክሉም ደስታ አይሰጣችሁም። የሚያዝያን ደረቅ አፈርና የነሐሴን ጭቃ ግን ማንም ሳያስተምራችሁ ታውቁታላችሁ። ዓይናችሁ ራሱ «ይሄ ቀለም አልመጣም» ይላችኋል።

ኤችኦ፣ ኤን፣ ኦኦ የሚባለው ምንድነው? የቱን ልያዝ?

የመጠን ስም ነው። ኤችኦ ማለት እውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ አንሶ የተሠራ ነው፤ የሃዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤን 160 ጊዜ ያነሰ ነው፤ ሃዲዱ 9 ሚሊ ሜትር። ኦኦ የእንግሊዞች ነው፤ 1፡76 ሆኖ በኤችኦ ሃዲድ ላይ ይሄዳል። ዜድ 1፡220 ነው፣ በጣም ትንሽ። ቁመቱ 1.70 የሆነ ሰው በኤችኦ ሁለት ሳንቲ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በኤን አንድ ሳንቲ ከምናምን ይሆናል።

እኔ የምመክረው ኤን ነው። ምክንያቱ ቦታ ነው። አብዛኞቻችን የምንኖረው ክራይ ቤት ወይም ከቤተሰብ ጋር ነው፤ ለባቡር የተለየ ክፍል የለንም። በኤችኦ የተለመደው ጠባብ ኩርባ 457 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ነው። ዙር ለመዝጋት ብቻ ከአንድ ሜትር በላይ ወርድ ያስፈልጋል። በኤን ግን 249 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለው ሃዲድ በገበያ አለ፤ 60 ሳንቲ ወርድ ይበቃዋል።

አሁን ኮምፖርሳቶውን አስቡት። አንድ ሙሉ ኮምፖርሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ነው። እንጨት ቤት ሄዳችሁ አራት ቦታ ብታስቆርጡት 61 በ122 የሆኑ አራት መደቦች ይወጡታል። አራት ጓደኛሞች ተካፍላችሁ መግዛት ትችላላችሁ። ሥራው ሲያልቅ አልጋ ሥር ይገባል። ከሥሩ በሞራሌ ክፈፍ አድርጉለትና በቪቴ እሰሩት፤ ሚስማር እየላላ ያስቸግራል። ከክረምቱ በፊት ሁለቱንም ፊት ቫርኒሽ ቀቡት። አንዱን ፊት ብቻ ከቀባችሁት እርጥበቱ በሌላው በኩል ይገባና ሐምሌ ላይ ይጣመማል። እንጨቱ ሲጣመም ሃዲዱም ይጣመማል፤ ባቡሩም ይወድቃል።

የጅቡቲ ባቡር ሞዴል የት ይሸጣል?

ከመደርደሪያ አንስታችሁ የምትገዙት አይደለም፤ በእጅ ነው የሚሠራው። ብልሃቱ ግን ቀላል ነው።

የድሮው ሃዲድ አንድ ሜትር ስፋት አለው። የኤን ሃዲድ 9 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሺህን ለዘጠኝ ስታካፍሉት 111 ይመጣል። ስለዚህ የባቡሩን አካል 111 ጊዜ አሳንሳችሁ ከካርቶን ወይም ከፕላስቲክ ከሠራችሁና ከሥሩ በገበያ ያለ የኤን ሞተርና ጎማ ካስገባችሁ ልኩን አገኛችሁ ማለት ነው። ኒውዚላንዶች ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የእነሱ ሃዲድ 1,067 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 1፡120 ይሠሩና በኤን ሃዲድ ላይ ይነዱታል። እኛም 1፡120ን ብንወስድ ሃዲዱ ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ ዓይን አያውቀውም። ጥቅሙ ደግሞ በዚህ መጠን የሚሸጡ ሰዎችና ቤቶች መኖራቸው ነው።

አዲሱን የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር መሥራት ለሚፈልግ ነገሩ የበለጠ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ይህ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ለ160 ሲካፈል 9 ይጠጋል፤ ኤን ራሱ ነው። ባቡሩ በ25 ሺህ ቮልት የሚሄድ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ግን ምሰሶና ሽቦ መደርደር አለባችሁ። እሱ ሥራ ትዕግስት ይጠይቃል።

አሜሪካ ያለ ዘመዴ ሙሉ የባቡር ስብስብ (ባቡር፣ ሃዲድና መቆጣጠሪያ) አምጥቶልኛል። ልሰካው?

ቆይ! መጀመሪያ የመቆጣጠሪያውን ጀርባ አንብቡ።

100–240 ቮልት የሚል ከሆነ ሰላም ነው፤ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ፈልጉለት። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን አትስኩት። የኛ መብራት 220 ነው። የአሜሪካው ትራንስፎርመር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይግላል፣ ይሸታል፣ ይቃጠላል። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ይስማማል ማለት አይደለም። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ካላችሁ በእሱ በኩል ስኩት።

ከሌላችሁ የአሜሪካውን መቆጣጠሪያ ተዉትና በርካሽ ሌላ ሥሩ። ሎኮሞቲቩ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው) ራሱ የሚፈልገው ከ0 እስከ 12 ቮልት ዲሲ ነው፤ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። 12 ቮልት 1 አምፒር የሚል የዋይፋይ ራውተር ቻርጀር ለአንድ የኤን ባቡር ይበቃል። ከእሱ ቀጥሎ ፍጥነት የሚቀንስና የሚጨምር ትንሽ የዲሲ ሞተር መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ ከዚያ ስድስት እግር ያለው ማብሪያ ማጥፊያ አስገቡ። የማብሪያ ማጥፊያውን ዳርና ዳር ያሉትን እግሮች በሽቦ አመሳቅላችሁ አገናኙ፤ መሐከለኞቹ ሁለቱ ወደ ሃዲዱ ይሄዳሉ። ማብሪያውን ስትገለብጡት ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። መሐል ላይ አንድ አምፒር ፊውዝ አትርሱ። ይህን ሥራ ማንኛውም ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ በአጭር ጊዜ ይበይድላችኋል።

ከጀርመን የመጣ ከሆነ ቮልቴጁ ችግር የለበትም። ሌላ ነገር ግን ይታይ። ማርክሊን የሚባለው ፋብሪካ የኤችኦ ባቡሮቹን በመሐከለኛ ነጥብ ነው መብራት የሚያጠጣቸው። ሃዲዱን ስታዩት በመሐል በኩል የተደረደሩ ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሉት። ያ ሎኮሞቲቭ በሌላው ፋብሪካ ባለ ሁለት ሃዲድ መስመር ላይ አይሄድም፤ የሌላውም በእሱ ላይ አይሄድም። ዘመዳችሁ ገዝቶ ከመምጣቱ በፊት የሃዲዱን ፎቶ ይላክላችሁ።

መቆጣጠሪያው ዲጂታል ይሻላል ወይስ የድሮው?

ለመጀመሪያ የድሮው። ዲጂታሉ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱ ቁጥር ኖሮት ብዙ ባቡር በአንድ ሃዲድ ላይ ለየብቻ መንዳት ያስችላል። ሲገዛ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 3 ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ እናንተ ትቀይሩታላችሁ። ደስ ይላል። አንድ ሎኮሞቲቭ ላለው ሰው ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

መብራት ሲጠፋስ?

ከባትሪ ንዱት። ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባው 12 ቮልት 7 አምፒር አወር ባትሪ አንድ የኤን ባቡር ከጠዋት እስከ ማታ ያስኬዳል፤ የኤን ሎኮሞቲቭ የሚወስደው ከግማሽ አምፒር በታች ነው። እኔ መብራት እያለም ባትሪውን እመርጣለሁ። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ የሚያመጣው ዝላይ ሞተሩ ጋ አይደርስም። ከባትሪ ስትሠሩ ግን ፊውዙ ግዴታ ነው። ሁለቱ ሃዲዶች ላይ መክፈቻ ወይም ማንኪያ ቢወድቅ ባትሪው ሽቦውን እስኪያቀልጠው አይቆምም።

ተራራውን፣ ዛፉንና ጠጠሩን ከምን ልሥራ?

እዚህ ላይ ጎንደር ሀብታም ናት። ውጭ አገር በፓኬት የሚሸጠው ነገር እኛ ጋ መሬት ላይ ነው።

ተራራው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ከሚታሸግበት ነጭ ፎም ይሠራል። እየቆረጣችሁ በኮላ ደራርቡት፤ ከዚያ በውሃ የላላ ጄሶ አልብሱት። ሊማሊሞን አይታችሁ ከሆነ ገደሉ በደረጃ በደረጃ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። ፎሙን ስትቆርጡ ያንን አስቡ፤ ክብ ጉብታ አታድርጉት። ዳገቱን በተመለከተ በአንድ ሜትር ከ2.5 ሳንቲ በላይ አትውጡ። አንዱ ሃዲድ በሌላው ላይ በድልድይ እንዲያልፍ በኤን 5 ሳንቲ ያህል ከፍታ ያስፈልጋል። ያ ማለት ሁለት ሜትር ሃዲድ ለመውጣት ብቻ ይሄዳል። 61 በ122 መደብ ላይ ይቻላል፤ ዙሩን ከሞላ ጎደል ይበላዋል እንጂ።

ለሣር ሰጋቱራ ውሰዱ፤ እንጨት ቤቶች በነፃ ይሰጣሉ። በሻይ ማጥለያ ነፍታችሁ ውሃ ቀለም ውስጥ ዘፍዝፉና ፀሐይ ላይ አድርቁ። ደረቅ የጤፍ ጭድ በመቀስ ደቅቆ ሲነሰነስ የታጨደ ማሳ ይሆናል። ለቁጥቋጦ የደረቀ ጦስኝ የሚያህል የለም፤ ግንዱ ጠማማ ነው፣ ቅርንጫፉ ደቃቅ ነው፣ ቤቱንም ያውደዋል። ወሩን ግን አስቀድማችሁ ወስኑ። መስከረም ከሆነ አረንጓዴው ላይ ቢጫ ሰጋቱራ ቆንጥራችሁ በትኑ፣ አደይ ይሆናል። የካቲት ከሆነ አረንጓዴውን ደብቁት።

አሁን ዋናው፤ ጠጠሩ። ሃዲዱ ሥር የሚነሰነሰው አሸዋ ከወንዝ ዳር ይመጣል። እጠቡት፣ አድርቁት፣ በወንፊት ንፉት። ከዚያ ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ አሸዋው ውስጥ አመላልሱ። ፌስታሉ ላይ ጥቁር ዱቄት ይለጠፋል። የኛ አካባቢ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ባዛልት ስለሆነ አሸዋው ውስጥ ማግኔት የሚስበው ብረት አዘል ቅንጣት አለ። የሎኮሞቲቩ ሞተር ውስጥም ማግኔት አለ። ያንን ጥቁር ቅንጣት ካላወጣችሁት ሞተሩ ከሃዲዱ እየሳበ ይሰበስበዋል፤ ጥርሶቹን ይበላዋል። ፌስታሉን ገልብጣችሁ ቅንጣቱን ራቅ አድርጋችሁ ድፉት፤ ፌስታሉ ላይ ምንም እስከማይለጠፍ ድረስ ድገሙት።

አሸዋው ሲጠራ በለስላሳ ብሩሽ ከሃዲዱ እንጨቶች መሐል አስተካክሉት። ጠብታ የዕቃ ሳሙና ያለበት ውሃ እርጩበት። ከዚያ ኮላውን በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ በስሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉ። ሳሙናው ከሌለ ኮላው እየተንከባለለ አሸዋውን ይዞት ይሄዳል። እስከ ነገ አትንኩት።

የፋሲል ግንብን ማስገባት ይቻላል?

ይቻላል፤ ባቡሩ አጠገብ ግን አታድርጉት። በልኩ ከሠራችሁት መደቡን ይውጠዋል። ወደ ኋላ ወስዳችሁ በ1፡300 ሥሩት፤ ያኔ ርቆ ኮረብታ ላይ ያለ ይመስላል። ካርቶኑ ላይ ስስ ጄሶ ቀቡና ሳይደርቅ፣ በጥፍር ሲጫን ምልክት በሚይዝበት ሰዓት ላይ፣ በመርፌ ድንጋይ ድንጋዩን ጫሩት። ቀለሙን ሁሉም ሰው ግራጫ ያደርገዋል። ሄዳችሁ ተጠግታችሁ እዩት፦ ግድግዳው ቡናማ ያዘለ ጥቁር ነው፤ የመስኮቶቹና የበሮቹ ቅስት ዙሪያ ደግሞ ቀላ ያለ ድንጋይ ነው። ያቺ ቀይ መስመር ከሌለች ግንቡ የሌላ አገር ይመስላል።

የምትወዳቸው ሎኮሞቲቮች የትኞቹ ናቸው?

አንደኛ የአስመራው ማሌ። ከምጽዋ ተነስቶ በ117 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ በሚወጣው፣ 950 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መስመር ላይ ይሄድ የነበረ የእንፋሎት ባቡር ነው። 442 የሚባሉትን ጣሊያን አገር አንሳልዶ የሠራቸው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ጎማዎቹ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል፤ የፊተኛው ክፍል ኩርባ ላይ ለብቻው ይታጠፋል። እንፋሎቱም ሁለቴ ይሠራል። መጀመሪያ በኋለኛዎቹ ሲሊንደሮች በከፍተኛ ግፊት ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ፊተኞቹ ይሄዳል። ግፊቱ ስለቀነሰ የፊተኞቹ ሲሊንደሮች ሰፋ ያሉ ናቸው። ፎቶ ስታዩ የፊተኛውና የኋለኛው ውፍረት ልዩነቱ ይታያችኋል። ሞዴል የሚሠራ ሰው ሁለቱን እኩል ካደረጋቸው ባቡሩን አልተረዳውም ማለት ነው። ወደ ጎንደር ባቡር ቢወጣ ኖሮ የሚያወጣው ይህ ዓይነት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የኬንያና የኡጋንዳው ጋራት፣ 59ኛው ክላስ። እንግሊዝ አገር ቤየር ፒኮክ በ1955 እና 56 እ.ኤ.አ. 34 ሠራ፤ ሃዲዱ እንደ ጅቡቲው አንድ ሜትር ነው። ቦይለሩ በመሐል ተንጠልጥሎ ከፊትና ከኋላ ሁለት ሞተር ይይዘዋል። እያንዳንዱ በምሥራቅ አፍሪካ ተራራ ስም ተጠርቷል፤ አንዱ፣ ማውንት ጌላይ፣ ናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ውስጥ አለ። እኔም በሞዴሌ ላይ አንዱን ራስ ደጀን፣ ሌላውን ቧሂት ብዬዋለሁ።

ሦስተኛው የስዊስ አዞ ነው፤ የሬቲሽ ባቡር ኩባንያው፣ በ1921 እና 1929 እ.ኤ.አ. መሐል 15 የተሠራው። ሁለት ረጅም አፍንጫ ያለው ኤሌክትሪክ ነው፤ እሱም በአንድ ሜትር ሃዲድ ይሄዳል። የዚያ ኩባንያ የበርኒና መስመር በ100 ሜትር 7 ሜትር እየወጣ 2,253 ሜትር ከፍታ ይደርሳል፤ ያውም ጎማው እንዳይንሸራተት በመሐል የሚገባው ባለ ጥርስ ሃዲድ ሳይኖር። ከጎንደር ከፍታ ብዙም አይርቅም። ተራራ ላይ ባቡር አይሆንም ለሚለኝ ሰው የማሳየው ይህን ነው። ካቶ የሚባለው የጃፓን ፋብሪካ የዚህን ኩባንያ አዳዲስ ባቡሮች በ9 ሚሊ ሜትር ሃዲድ ይሠራል።

ብዙ ወጣት የሚጠይቀኝ ስለ አሜሪካው ግዙፍ የእንፋሎት ባቡር ስለ ቢግ ቦይ ነው። 25 ብቻ ተሠርተዋል፤ 4014 ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ሥራ ተመልሷል። በኤችኦ ርዝመቱ 46 ሳንቲ ይደርሳል። ግርማ አለው፤ ትንሽ መደብ ላይ ግን አፍንጫውና ጭራው ከኩርባው እየወጡ ቤቶቹን ይመታሉ። የእንግሊዙ ፍላይንግ ስኮትስማንም ያምራል፤ በ1934 በይፋ ተለክቶ በሰዓት 100 ማይል የደረሰ የመጀመሪያው የእንፋሎት ባቡር ነው።

መጀመሪያ ምን ልግዛ?

ሊቶሪና ዓይነት አጭር ራስ ሞተር ባቡር። ሞተሩም መንገደኛውም በአንድ ፉርጎ ውስጥ ነው፤ ሌላ ምንም ሳትገዙ ሙሉ ባቡር አላችሁ። ጠባብ ኩርባ ላይም አያስቸግርም። ከእሱ ጋር ዙር የሚዘጋ ሃዲድና አንድ መገንጠያ (ባቡሩ ከአንዱ ሃዲድ ወደ ሌላው የሚያልፍበት) ይበቃል። ሃዲዱን አዲስ ግዙ፤ ባቡሩ ያገለገለ ቢሆን ችግር የለውም። የተጣመመ ሃዲድ ግን ምንም አያድነውም። ቤቶች፣ ሰዎች፣ መኪናዎች አትግዙ፤ ካርቶንና ምላጭ አላችሁ።

ለልጆች ይሆናል?

ከስምንት ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ አዋቂ አብሮ ካለ። ከዚያ በታች ላሉ የኤን ዕቃ አትስጧቸው፤ አፍ ውስጥ የሚገባ ነው። በተለይ ከሞተር የወጣ ትንሽ ማግኔት መሬት ላይ አይቅር። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

ባቡሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል። ተበላሽቷል?

አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት የጎንደር አቧራ በተዘጋ መስኮትም ይገባል። መብራቱ ከሃዲድ ወደ ጎማ የሚሄድበት ቦታ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፤ ስስ አቧራ ይዘጋዋል። ነጭ ጨርቅ በአልኮል ነክራችሁ ሃዲዱን ጥረጉ። ፋርማሲ ካለው ውሃው ያነሰውን ያዙ፤ 70 በመቶው ለመድረቅ ይዘገያል። በብርጭቆ ወረቀት በፍጹም አትፈትጉ። ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻው ይቀበርና በሳምንቱ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።

የጎማዎቹ ነገር ደግሞ አለ። አልኮል የነካ ጨርቅ ሃዲዱ ላይ አንጥፉ፤ ሎኮሞቲቩን ግማሹን ጨርቁ ላይ፣ ግማሹን ባዶ ሃዲድ ላይ አቁሙና በእጃችሁ ያዙት። መብራት ስትሰጡት ጨርቁ ላይ ያሉት ጎማዎች እየተሽከረከሩ ይጸዳሉ፤ ጥቁር መስመር ሲጥሉ ታያላችሁ። አዙራችሁ ሌላኛውን ጫፍ ድገሙ። ስትጨርሱ መደቡን አሮጌ ነጠላ ወይም አንሶላ አልብሱት። ፌስታል አይሁን፤ በክረምት እርጥበት ያፍናል።